ቀላሉ ጄሶ

ጄሶ ክፍል ከገባሁ ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር። "እጁ ፈጣን ነው" መባል ጀምሬያለሁ። ለጀማሪ ከዚህ የባሰ ሙገሳ የለም።

አንድ ማምሻ ላይ ስልሳን ያለፉ እናት መጡ። አዳልጧቸው በመዳፋቸው ተደግፈው ወድቀዋል። የእጃቸው አንጓ ከጎን ሲያዩት እንደ ተደፋ ሹካ ጎብጧል። የራዲየስ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት፣ ጫፍ ተሰብሮ ወደ እጁ ጀርባ ዞሯል። አየርላንዳዊው ሐኪም አብርሃም ኮለስ በ1814 እ.ኤ.አ.፣ ራጅ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ የጻፈለት ስብራት ነው። ተረኛው ሐኪም በመርፌ አደንዝዞ አጥንቱን ወደ ቦታው መለሰና ጣቶቻቸውን ወጥሮ ያዘልኝ። "በል ቶሎ" አለኝ።

"ልጄ፣ ነጩ ይከብደኛል። ያንን ቀላሉን አድርግልኝ" አሉኝ። ቀላሉ ያሉት ፋይበርግላሱን፣ ከመስታወት ክር የተሠራውን ሰው ሠራሽ ጄሶ፣ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። ነጩ ጄሶ ጨርሶ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ዙሪያውን ጠቅልዬ ጨረስኩት። አምሮ ነበር፤ እኔም ኮራሁበት። ሐኪሙ ደክሞት ዝም አለ። ጥፋቱን ግን ወደሱ አልገፋም፣ የጠቀለለው እጅ የኔ ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጣቶቻቸው ተነፋፍተዋል። አውራ ጣታቸው፣ ጠቋሚውና መሃሉ ደንዝዘዋል። ጥፍራቸውን ተጭኜ ለቀቅኩት። ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ደም እስኪመለስበት ዘገየብኝ። ቀለበታቸውን በሳሙና አውልቄ መስጠቴ የዚያን ቀን ብቸኛ ጽድቄ ነበር።

የክፍሉን አንጋፋ፣ ጋሼን፣ ቀሰቀስኩ። በመጋዙ ፋይበርግላሱን በሁለት በኩል ሰነጠቀና ፈለቀቀው። ሴትየዋ ግን አሁንም ያቃስታሉ። ጋሼ መቀስ አንስቶ ከሥር ያለውን ጥጥ እስከ ቆዳው ድረስ ቆረጠው። ያኔ "እፎይ" አሉ። ጥጡ ራሱ እንደ ገመድ ጠብቆ ኖሯል! እኔ ሰንጥቄው ቢሆን ኖሮ ቅርፊቱ ላይ አቆም ነበር።

"አዲስ ስብራት ነገ ከዛሬ ይልቅ ያብጣል፤ የት ይግባ?" አለኝ ጋሼ። ከዚያ ግማሽ ጄሶ ሠራ፦ ነጩን ጄሶ ደራርቦ በእጁ ጀርባ አስደገፈ፣ በመዳፍ በኩል ክፍት ተወ፣ ላላ ባለ ፋሻ ጠቀለለው። ካበጠ ፋሻው ይለቃል።

ለምን ጄሶውን ከክርናቸው በላይ አላሳለፍንም ስለው "አንጓ ነው የተሰበረው፤ ክርናቸውን ምን በደለህ?" አለ። ከክርን በላይ የሚያልፈው ጄሶ ክንድን እንዳይዞር ይይዛል፤ ግን ለብዙው የአንጓ ስብራት አጭሩ ይበቃል። ቀድሞ ደግሞ አንጓውን አለቅጥ ወደ መዳፍ አጥፎ ማሰር ነበር፤ ነርቭ ስለሚጨቁን ቀርቷል።

በሳምንቱ ሌላ ጣጣ መጣ። እብጠቱ ሲጎድል ጄሶው ላልቷል። ላላ ማለት አጥንቱ ሊንሸራተት ይችላል ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ራጁ ደህና ሆነ። ሙሉ ጄሶ እንዳደርግ ጋሼ ለኔ ተወልኝ። እጄ ወደ ፋይበርግላሱ ሲሄድ በዓይኑ ብቻ መለሰኝ። ነጩ ሲረጥብ ለመዳፍ ይታዘዛል፤ ሦስት ቦታ ተጭኖ ቅርጽ ማስያዝ ይቻላል። ፋይበርግላስ እንደዚያ አይገራም። ጣቶቻቸው ከሥራቸው እንዲታጠፉ መዳፉ ላይ ካለው መስመር በፊት አቆምኩ። ውሃውን ለብ ብቻ አደረግኩ፤ ነጩ ሲጠጥር ራሱ ይሞቃል፣ ትኩስ ውሃ ከተጨመረበት ያቃጥላል።

በ6ኛው ሳምንት ልፈታላቸው መጋዙን ሳስነሳ እጃቸውን ሸሸጉ። እንደማይቆርጥ ለማሳየት የሚርገበገበውን ምላጭ መዳፌ ላይ ነካ አደረግኩት። አጥንቱ ገጥሟል። አንጓቸው ደርቆ እንደ እንጨት ቢሆንም ጣቶቻቸው ጭብጥ ይላሉ።

"ያቺን ቀላሏን" አሉ ሲወጡ፣ "ለጠላቴ አስቀምጥልኝ።"