ዓይኔ ውኃው ላይ ነበር

ከሐዋሳ ከተመለስን ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አረፋችሁ?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ግን እነሱ የሚያስቡት ዓይነት እረፍት አይደለም። ትንንሽ ልጆች ይዞ ውኃ ዳር የሄደ ሰው ተንጋሎ አይተኛም፤ መጽሐፍም አያነብም። እኔ ያረፍኩት በሌላ በኩል ነው፤ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የሄድነው በትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዓመት እረፍት፣ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ትልቁ ልጄና የሦስት ዓመቷ ትንሿ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክፍያ መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ጥሩ ይኬዳል። ወደ ሻሸመኔ ስንቃረብ ከብቱም፣ አህያውም፣ ባጃጁም ይጋፋል። ትንሿ አርሲ ነገሌ ላይ አስመለሳት። እናቴ ሎሚ አሸተተቻት፣ ተሻላት። ስለ መንገዱ ይሄ ይበቃል።

ሪዞርቱ ሐይቁ ዳር ነው። ልጄ ገና ከመኪና ሲወርድ «አሸዋው የታለ?» አለ። ቴሌቪዥን ላይ ያየውን የባሕር ዳርቻ ጠብቆ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንደዚያ አይደለም። ሣር፣ ቄጠማና ደንገል ነው፤ ትልልቅ ዋርካዎች ጥላቸውን ዘርግተዋል። ዋርካው ላይ ጉሬዛ አለ፣ ጦጣ አለ። አሸዋውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ረሳው።

ሐይቁ ራሱ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል አነስ ከሚሉት ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ዳርቻውን ቸብ ቸብ እያደረገ ይመታል። ይህን ሁሉ ለልጄ ስነግረው «ታዲያ ውኃው የት ይሄዳል?» አለኝ። ፀሐይ ወደ ላይ ትወስደዋለች አልኩት። ቀና ብሎ ሰማዩን ብዙ አየ።

ሐይቁ ውስጥ እንዲገቡ ግን አልፈቀድንም። ምክንያቱን ለሚሄድ ወላጅ ሁሉ ብናገረው ደስ ይለኛል። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ላይ የቢልሃርዝያ በሽታ አለ። ተውሳኩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውኃው ይወጣል፤ ከዚያ በቆዳ በኩል ይገባል። ለመያዝ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን ነክሮ መቆም ይበቃል። መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ግን ለምን ይያዙ? ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ ቄጠማው አጠገብ መሄድ ጥሩ አይደለም። ሐዋሳ የወባ አገርም ስለሆነ ከ12 ሰዓት በኋላ ልጆቹን ረጅም እጅጌ አልብሰን፣ አጎበር ውስጥ አስተኛናቸው። እናቴ ከእራት በፊት አጎበሩን ጥግ ጥጉን እያየች ቀዳዳ ትፈልግ ነበር።

እናም ቀኑ የሚያልፈው የመዋኛ ገንዳው ጋ ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩትም የዚህን ነገር ነው።

የልጆቹ ገንዳ ለትልቁ እስከ ደረቱ፣ ለትንሿ እስከ አገጯ ይደርሳል። አጠገቡ፣ በአምስት እርምጃ ርቀት፣ የትልልቆቹ ገንዳ አለ። መሐላቸው አጥር የለም። የሚጠብቅ ሰው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነው። ባለቤቴ ባሕር ዳር ስላደገ ዋና ይችላል። እኔ አልችልም። ስለዚህ ገና ልጆቹ ልብስ ሳይቀይሩ ተነጋገርን። አንድ ሰው ተረኛ ይሆናል። ተረኛው ስልክ አይዝም፣ ከሰው ጋር አያወራም፣ ምግብ አያዝም። ተራ ሲቀያየር ደግሞ በአፍ ይነገራል። «ያንተ ተራ ነው» እላለሁ፤ እሱ «ተቀብያለሁ» ይላል። እስኪመልስልኝ ድረስ ዓይኔን አላነሳም።

ይሄ የበዛ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። እናቴ ግን ወዲያው ገባት። ገጠር ወንዝ ዳር ያደገች ሴት ናት። «ውኃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አለች። ልክ ናት። የሚሰምጥ ልጅ አይጮህም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እሱ ትንፋሹን ለማግኘት እየታገለ ነው። ብዙ ጊዜ ውኃውንም አያንቦጫርቅም። ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ለዚያም አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል። ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። የኔ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ስልክ አይታየኝም።

በጣም የሚያሳስበኝ ሰው ሲበዛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገንዳው ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ነበር። ብዙ ዓይን ስላለ ልጅ የሚጠበቅ ይመስላል። ግን ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። እናት አባት ያያል ትላለች፣ አባት እናት ታያለች ይላል፣ አክስቶች ቡናቸውን ይጠጣሉ። የክንድ ላስቲክና የመዋኛ ጎማም ለብዙዎች ልብ ያሳርፋል። አየር የተሞላ ላስቲክ ይተነፍሳል፣ ይሾልካል። ጨዋታ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም።

እንግዲህ ተረኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። እግሬን ገንዳው ውስጥ ነክሬ፣ ዓይኔን ልጆቼ ላይ አድርጌ። አዲስ አበባ ልጆቼን የማያቸው በመሐል በመሐል ነው። ምግብ እየሠራሁ፣ መልእክት እየመለስኩ፣ ታክሲ እየጠበቅኩ። ሥራ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ሌላ መንገድም የለውም። እዚህ ግን ውኃው ሌላ ነገር እንዳደርግ አልፈቀደልኝም። ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። መጀመሪያ ጭንቅ ብሎኝ ነበር። ትከሻዬ ሁሉ ተወጥሮ ነበር። ቆየት ስል ለቀቀኝ፤ ልጆቼን ብቻ ማየቱ እየጣፈጠኝ ሄደ።

ትልቁ ልጄ ከመዝለሉ በፊት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። እስከ ሦስት አይደለም፤ እስከ ሰባት። ለምን ሰባት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ «ስድስት ላይ ገና እፈራለሁ» አለኝ። ትንሿ ውኃው ውስጥ ስትገባ «መጣሁ እሺ?» ብላ ታስፈቅደዋለች። ስትወጣም ትሰናበተዋለች። የማታውቃት አንዲት ልጅ ስታለቅስ አይታ የራሷን ኩባያ ወስዳ ሰጠቻት፤ ማንም አላዘዛትም። ወንድሟ ሳቅ ሲያበዛ ደክሞታል ማለት ነው፤ ከሳቁ በኋላ ለቅሶ ይመጣል። ይህንን በስድስት ዓመት ውስጥ ልብ አላልኩትም ነበር። አሁን ሳቁ ሲበዛ ፎጣውን ይዤ እነሳለሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ትልቁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም እግሩን ነከረ። እህቱን እያየሁ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም፤ ምናልባት ለዚህም ሊሆን ይችላል ለማውራት የቀለለው። ትምህርት ቤት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ኮሪደር ጨለማ እንደሆነ ነገረኝ። ብቻውን መሄድ እንደሚፈራ፣ ስለዚህ ጠዋት ውኃ እንደማይጠጣ። ስንት ጊዜ ኮዳውን ሞልቶ ይዞት ሲመለስ እኔ የጠማው አይመስለኝም ነበር። ነገሩ ይህ ነው። ምንም አልተቆጣሁ፣ ብዙም አልጠየቅኩ። «አብረን እናየዋለን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና እስከ ሰባት ቆጥሮ ዘለለ።

ለልጆች ይመቻል የሚባል ቦታ ብዙ ጊዜ የሚለካው በዥዋዥዌውና በሸርተቴው ብዛት ነው። እኛ ያረፍንበትም ሁለቱም ነበሩት። ጥሩ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ የመታው የብረት ሸርተቴ ያቃጥላል። ለኔ ቦታውን ምቹ ያደረገው ሌላ ነው። የቁርስ ሰዓት ላይ የነበረች አስተናጋጅ ለኔ ሳይሆን ለትንሿ ጎንበስ ብላ «ሚሚዬ፣ አንቺስ ምን ትበያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ ጊዜ ወስዳ አሰበች። አስተናጋጇ ቆማ ጠበቀቻት። «ፍርፍር፣ ግን ቀይ ያልሆነ» አለች ትንሿ። መጣላት። እናቴንም «እናቴ፣ የዓሣ ሾርባ ላምጣልዎ?» እያለች ታስተናግዳት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ሸርተቴ ባይኖረውም እመለስበታለሁ።

ጦጣዎቹ ደግሞ ደፋሮች ናቸው። ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ነጥቀው ይሄዳሉ። አንዳንድ እንግዳ ራሱ ያበላቸዋል፤ ይህ ባይደረግ ጥሩ ነው። የለመደ ጦጣ ከልጅ እጅ ሲነጥቅ ይቧጭራል፣ ይነክሳል። ጉሬዛው ጨዋ ነው፤ ላይ ሆኖ ቅጠሉን ይበላል፣ ረጅም ነጭ ጭራውን ለቆ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ጠዋት በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። ማልዶ መሄድ ነው፤ ጀልባዎቹ ከሌሊቱ ሥራ የሚመለሱት ያኔ ነው። መረቡ ሲራገፍ ቆሮሶው ያብለጨልጫል፤ አምባዛው ጢሙን ይዞ ተጋድሟል። ወጣቶቹ ዓሣውን የሚበልቱበት ፍጥነት ልጄን አፉን አስከፈተው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያቸውን ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፤ ከልጄ ይረዝማል። ራሱ መላጣ ስለሆነ ትንሿ «አባባ ወፍ» አለችው። ቀኑን ሙሉ ስሙ አባባ ወፍ ሆነ። ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላን፤ ለልጆቹ ያለ ዳጣ። እናቴ አጥንቱን በጣቷ እየዳበሰች ለቀመችላቸው። በዓይን ብቻ የዓሣ አጥንት አይታመንም አለች።

እዚያው ጉማሬ ሊያሳየን የፈለገ ባለ ጀልባ ነበር። ልጄ በጣም ጓጓ። ላይፍ ጃኬት ጠየቅኩ። ነበረው፤ ግን የአዋቂ ብቻ ነው። ትንሿን ሳለብሳት አንገቷ ውስጥ ገባ፤ ክንዷን ከፍ ብታደርግ ሾልካ ትወጣለች። «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ስንት ሕፃን ጭኜ አውቃለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ነው። ግን አልተሳፈርንም። ልጄ አለቀሰ። ባለቤቴ አቅፎት ከሩቅ ጀልባዎቹን አሳየው። ሐዋሳ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ሁለት ሦስት የልጅ ላይፍ ጃኬት መግዛት ለባለ ጀልባዎቹም ገበያ ነው። ወላጅም ደጋግሞ ይጠይቅ፤ የሚጠየቅ ነገር ይመጣል።

አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ ሄድን። የሐይቁ ውኃ ወደ ከተማው እንዳይገባ የተሠራው ግድብ ላይ ሰው ይንሸራሸራል፤ ቆሎ ይሸጣል፣ ፎቶ ይነሳል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከልጆቹ መሐል ሆና ትሄድ ነበር፤ በግራ አንዱን፣ በቀኝ አንዷን ይዛ፣ ከግድቡ ጠርዝ ራቅ ብላ። እኔና ባለቤቴ ከኋላ ነበርን። ያን ሰዓት ተረኛዋ እናቴ ናት። «ተቀብያለሁ» ብላ ነው የተረከበችን፤ ቃሉን ከኛ ለምዳዋለች።

ከተመለስን በኋላ ትምህርት ቤት ሄጄ የልጄን መምህርት አነጋገርኳት። ስለ ኮሪደሩ ነገርኳት። ለጊዜው ትንንሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ አደረገች፤ አምፖሉም እንዲገባ እጠይቃለሁ ብላኛለች። ልጄ ኮዳውን ባዶ አድርጎ ይመለሳል። ቤት ደግሞ ማታ ማታ ስልኬን ሳሎን ትቼ ልጆቹ ሲታጠቡ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እዚያም ወሬ አለ።

ዋና የሚያስተምር ቦታ እየጠያየቅኩ ነው። ከቤታችን ብዙ የማይርቅ አንድ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ያስተምራሉ። ለልጄ ብቻ ልመዘግብ ነበር። ባለቤቴ «አንቺስ?» አለኝ። አብረን እንጀምራለን፤ እኔና ልጄ።