«ጭሱ ነው፣ ልጄ»

ለመዝሙር ግጥምና ዜማ በመድረስ ከቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው፤ የፒያሳ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሳቢያ ከመፍረሳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው በስፖንጅና በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ስቱዲዮ ነበር። ክፍያው በሰዓት ስለሆነ ዘማሪዋ የምትገባው ድምፅዋን ቤቷ አሟሙቃ፣ አንድ ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ጥላ ነው።

ከፎቁ ሥር፣ ከደረጃው አጠገብ፣ ጀበና ቡና የሚሸጡ አንድ እናት ነበሩ። ስማቸውን ሁላችንም ብናውቅም ከ«እትዬ» ሌላ ብሎ የጠራቸውን ሰው አላስታውስም። ጠዋት ጠዋት ስገባ ከከሰል ምድጃቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸው ቀልቶና እንባ አቅርሮ፣ በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አያቸዋለሁ። ባላቸው እንደ ሞቱም ሲወራ ሰምቻለሁ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ተነሥቼ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቃቸው፣ ልጅ የማይጠይቃት፣ ጎረቤት የረሳት፣ ከፈጣሪዋ በቀር ሰው የሌላት ሴት አድርጌ ጻፍኳቸው፦

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከጀበናዋ ፊት፣
ማን ያብስላት ይሆን ለዚች ምስኪን እናት።

የግጥሙ ምጣኔ የወል ቤት የሚባለው ነው፤ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ አጭር ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። ዜማውን በትዝታ ማይነር፣ በሐዘንተኛው ቅኝት፣ ሠራሁት፤ እንደዚያ ላለ ግጥም ሌላ ቅኝት አልታየኝም። እንባ ለመዝሙር ገጣሚ ርካሽ ቃል መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም፤ ከ«ገባ»ም፣ ከ«አበባ»ም፣ ከፈለጉት ሁሉ ጋር ቤት ይመታል። በልምምድ ያስቸገረን አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አምላክ አለኝ» በሚለው አዝማች ላይ ዘማሪዋ የ«አለኝ»ን «አ» ስታስረዝማት «ለ» ትላላባትና፣ አምላክ እንዳላት ሳይሆን አምላክ አንድ ነገር እንደ ነገራት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «ለ» ጠብቃ እንድትወጣ ዜማውን በግማሽ ምት እስክናሳጥር ድረስ ብዙ ተከራከርን፤ ስለ ሴትየዋ ግን ማንም ምንም አልጠየቀም።

ድምፅ በምንቀዳበት ቀን አቀናባሪው ቡና አዘዘና እትዬ ሲኒዎቹን በትሪ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። የተቀዳውን በስፒከር እየሰማን ነበር። ትሪውን እንደ ያዙ አንድ አንቀጽ ሙሉ አዳመጡና፣ «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» አሉ። ዘማሪዋ ደስ የሚላቸው መስሏት፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት! እርስዎን አይቶ ነው የጻፈው» አለቻቸው። ትሪውን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጡ። ከዚያም እኔን ሳይሆን ስፒከሩን እየተመለከቱ፣ «እኔ ደግሞ መቼ አለቀስኩ? ጭሱ ነው፣ ልጄ። ከሰሉ እርጥብ ሲሆን ዓይን ያጠፋል» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ስለ እርሳቸው ቢዘመር ምን ሊባል እንደሚገባ ስጠይቃቸው፣ ታች ደንበኞች ስለሚጠብቋቸው እዚያው ቆመው ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ትርፍ አንጀት ይዞት በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ሲታዘዝ፣ በእጃቸው የነበረው የዕለት ገቢያቸው ብቻ ነበር። ከሚጥሉት ሳምንታዊ ዕቁብ ደግሞ በዚያ እሑድ ዕጣው ለአጠገባቸው ሕንፃ ዘበኛ ወጥቷል። ሰውዬው ያን ገንዘብ ሲጠብቁ የኖሩት የሚያፈሰውን የቤታቸውን ቆርቆሮ ለመቀየር ነበር፤ የልጁን መታመም እንደ ሰሙ ግን ዕቁብ ሰብሳቢው ዘንድ ሄደው፣ «የኔን ለእሷ ስጡ፣ የእሷ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» አሉ። ያን ክረምት ከጣሪያቸው ሥር ባልዲ ደቅነው ከረሙ። «እኔ እግዚአብሔርን የማመሰግነው በዚህ ነው» አሉ እትዬ ትሪውን እያነሡ፤ «ስለ እንባ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ፈልግ።»

በመጀመሪያ ሳሙኤል መጽሐፍ ያለውን የሐናን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ካህኑ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ድምፅዋን ስላልሰማ የሰከረች መሰለችው። ይሁንና ዔሊ ያሰበውን ፊት ለፊት ስለ ተናገራት ልታርመው ቻለች። እኔ ግን ግጥሜን ከእትዬ በቀር ለሁሉም አሳይቼ ነበር።

ግጥሙን ልቀይር ስል ዘማሪዋ ተቆጣች፤ የስቱዲዮውን ኪራይ የምትከፍለው ከደመወዟ ቆጥባ ስለ ነበር ቁጣዋ ተገቢ ነው። አቀናባሪው ደግሞ ይህ ታሪክ በትዝታ ማይነር እንደማይዘመር ተናገረ። ከማይነር ወደ ሜጀር ለመዞር ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሁለቱን ብቻ በግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ በወሬ ቀላል ነው። የኪቦርዱን ድምፅ በኮምፒዩተር ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ማሲንቆውና ቤዝ ጊታሩ ግን እንደ ገና መመታት ነበረባቸው። የማሲንቆ ተጫዋቹ ሁለተኛ ክፍያ ከእኔ ድርሻ ተቀነሰ። አዲሱ ግጥም በተሠራው ዜማ ልክ መግባት ስላለበት አሁንም ስድስት በስድስት ሆነ፦

ተራው የኔ ሳይሆን ዕጣው ወጥቶልኛል፣
የራሱን ትቶልኝ ጌታ ደርሶልኛል።

በመጀመሪያው ንድፍ ላይ «ዕቁብ» የሚለው ቃል ራሱ ነበረበት። ግጥሞቻችንን የሚያዩልን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ «ዕቁብ በመዝሙር?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ዳዊት በመዝሙር 16 ስለ ርስቱና ስለ ዕጣው መናገሩን ባስታውሳቸው «ዕጣ»ን ፈቀዱ፤ «ዕቁብ» ግን ወጣ። እስከ ዛሬም ባይወጣ ጥሩ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ መዝሙሩን ከሚሰሙት መካከል ዕቁብ ያልጣለ ስንት ሰው ይኖራል?

ዘበኛውንም ሄጄ አስፈቀድኳቸው። «ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ እሱንም ጨምርበት» ብለው ሳቁብኝ። እትዬ ስማቸው እስካልተጠራ ድረስ እንደማይከፋቸው ነገሩኝ።

የድምፅ ድብልቁ ካለቀ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ እትዬን ወደ ላይ ጠርተን የጆሮ ማዳመጫውን አደረግንላቸው። መሬቱን እያዩ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ የቡና ገለባ እየለቀሙ ይሰሙ ጀመር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ማዳመጫውን በአንድ እጃቸው ከፍ አደረጉና፣ «‹ምስኪን› አሁንም አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳርም ያኛው ተደብቆ ቀርቶ ኖሯል። በምን እንድተካው ብጠይቃቸው ብዙም ሳያስቡ፣ «‹ብርቱ› በል» አሉ። ሁለት ቀለም በሁለት ቀለም ስለ ተተካ ዜማው አልተነካም። ዘማሪዋ ቀድሞውንም ኮቷን ለብሳ ነበር፤ አውልቃ ተመለሰችና ያቺን አንዲት ቃል ለብቻዋ ቀዳቻት፤ እትዬም ከሰሉ እንዳይጠፋባቸው መጨረሻውን ሳይሰሙ ወረዱ።