ውኃው ባለቀ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ስለቴን በቁልቢ ገብርኤል ደጅ ባደረስሁ ጊዜ የተደረገልኝንም በጽሑፍ እንደምመሰክር ቃል ገብቼ ነበርና፣ ይህን የምጽፈው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ሆስ በመጎተት ጀምሬ፣ ፓምፕ ላይ ቆሜ፣ ፈረቃ መርቼ፣ በመጨረሻም የአንድ ቅርንጫፍ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ በጡረታ ተሰናበትሁ። ሕዝቡ በ939 ሲደውል የሚመጣው እሳት ለማጥፋት ብቻ ይመስለዋል እንጂ፣ ከጉድጓድ ሰው የሚያወጣውም፣ በክረምት ጎርፍ የወሰደውን ልጅ ወንዝ ለወንዝ የሚፈልገውም፣ በተዘጋ ቤት በከሰል ጭስ የታፈነውን ቤተሰብ በር ሰብሮ የሚያወጣውም ይኸው ሠራተኛ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ሌሊቱን ስንቆፍር አንድ ሰው እንኳ በሕይወት እንዲሰጠኝ እየጸለይሁ ነበር፤ በእኔ ቡድን እጅ የወጣው ግን ሁሉም አስከሬን ነበር። ያ ጸሎት ለምን እንዳልተመለሰልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ደብቄ የተመለሰልኝን ብቻ ብናገር ግን ምስክርነቴ ሙሉ አይሆንም።

ወጣት ሳለሁ የምፈራው ለራሴ ነበር። ኃላፊ ከሆንሁ በኋላ ግን እኔ ውጭ ቆሜ «አንተና አንተ ግቡ» የምል ሰው ሆንሁ፤ ከዚህ የሚከብድ ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ በኅዳር ወር አንድ ሌሊት፣ የፍራሽ መጋዘን ተቃጠለ ተብሎ ደረስን። ስፖንጅ ሲነድ ጭሱ ጥቁርና መርዘኛ ነው፤ የዘረጉትን እጅ እንኳ አያሳይም። ከኋላ ባለው ክፍል የተኛ ሰው አለ ስለ ተባለ ከሠራተኞቼ ሁለት ልጆች አስገባሁ። (ሰውየው ቀድሞ መውጣቱን ያወቅነው በኋላ ነው።) በጀርባቸው የሚያዝሉት የመተንፈሻ አየር ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ተሞልቶ፣ በሥራ ላይ ላለ ሰው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢያቆይ ነው፤ ወደ 50 ባር ሲወርድ መሣሪያው ራሱ ማፏጨት ይጀምራል። በገቡ በ18ኛው ደቂቃ የጣራው ብረት ከነመደርደሪያው በመግቢያው ላይ ተደርምሶ ሆሱን ተጫነው። በሬዲዮ ጠራኋቸው፤ የመለሰልኝ አልነበረም።

ከፊት ለፊት ፍርስራሹን እያነሣን፣ እኔ በልቤ «የአናንያ፣ የአዛርያና የሚሳኤል አምላክ ሆይ፣ እሳቱን የምገታበት ውኃ አታሳጣኝ» እያልሁ፣ ልጆቹን በሕይወት ካገኘኋቸው ለቅዱስ ገብርኤል በወርቅ ክር የተጠለፈ ዣንጥላ ይዤ ቁልቢ እንደምወርድ ተሳልሁ። አፌን ሳልዘጋ ቦቴው ውኃ ጨረሰ። ሁለተኛው ቦቴ በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ በቆሙ መኪኖች ተይዞ ማለፍ አቅቶት ነበር። ፓምፕ ያለ ውኃ ከዞረ ስለሚበላሽ ሾፌሩ አጠፋው። በዚያች ቅጽበት ቆሼ ትዝ አለኝና «ዛሬም ተውኸኝ» አልሁ፤ ይህን ቃል ከአፌ ማውጣቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ።

ፓምፑ ሲጠፋ አካባቢው ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ፉጨት ተሰማ። ፉጨቱ የመጣው እኛ ከምንቆፍርበት ከፊት በኩል ሳይሆን ከጀርባ፣ ከጎረቤት ግቢ ጋር ከሚያዋስነው ግድግዳ ነበር። ዲጂኖና መዶሻ የያዘው ሁሉ፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሳይቀር፣ ወደዚያ ሮጠ። ብሎኬቱን በስተ ታች በኩል ሰብረን ሁለቱንም በእግራቸው ጎተትን። አንደኛው እጁ ተቃጥሎ ነበር፤ ሁለተኛው ራሱን ስቶ ነበር፤ ሁለቱም ግን ይተነፍሱ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ያዳናቸው ሥልጠናቸው ነው» ብሎኛል። ትክክል ነው። መግቢያው ሲዘጋ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው፣ አየሩ ከሚሻልበት ከወለሉ ተጠግተው ተኝተዋል፤ ይህን ያስተማርኋቸውም እኔ ነኝ። ነገር ግን ፓምፑ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ያንን ፉጨት ማንም አይሰማውም ነበር፤ ውኃው እንዳያልቅ አጥብቄ ስለምን የነበርሁትም እኔው ነኝ። የለመንሁትን ከልክሎ የፈለግሁትን ሰጠኝ።

ታኅሣሥ 19 ቀን ሦስታችንም ቁልቢ ነበርን። ዣንጥላውን የያዘው እጁ የተቃጠለው ልጅ ነው፤ ፋሻው ገና አልተፈታለትም ነበር። የሠለስቱ ደቂቅ ልብስ የእሳት ሽታ እንኳ እንዳልደረሰበት በትንቢተ ዳንኤል ተጽፏል። የእኔ ልጆች ግን የጭሱ ሽታ ከሰውነታቸው ለመልቀቅ ሳምንታት ፈጅቶበታል። የልጁ እናት ያን ሌሊት ከውስጥ ለብሶት የነበረውን ሹራብ ሳታጥበው በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ነበርና፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መሬት ላይ ዘርግታ፣ ግንባሯን በእርሱ ላይ አድርጋ ሰገደች።