ያለ ቢ 6 የዋጥኩት አይ ኤን ኤች

ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ በየቀኑ አንድ ፍሬ ቲ ኤል ዲ የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት እውጣለሁ። ሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል ለ6 ወራት አይ ኤን ኤች (አይሶኒያዚድ የተባለውን መድኃኒት) እንድወስድ ሲወሰን፣ ስለ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ተጠየቅሁ፤ ማዘዣዬንም ይዤ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሄድሁ።

ማዘዣው ላይ 300 ሚሊ ግራም አይ ኤን ኤች እና 25 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ቢ 6 ተጽፏል። የተሰጠኝ ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስጠይቅ፣ «እሱ አልቋል፤ ቫይታሚን ስለሆነ አያሳስብዎት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይወስዳሉ» ተባልሁ። ያታለለኝ ይህ «ቫይታሚን» የሚለው ቃል ነው፤ ለእኔ ቫይታሚን ቢኖር ደግ፣ ባይኖርም የማይጎዳ ነገር ነበር። አይ ኤን ኤች ቢ 6ን ከሰውነት እንደሚያሟጥጥ፣ ነርቭም በዚህ ምክንያት እንደሚጎዳ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ማንም አልነገረኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮም አልቋል ተባልሁ፤ እኔም ዝም አልሁ።

በሦስተኛው ወር ሌሊት ሌሊት የእግሬ መዳፍ ረመጥ የረገጥሁ ያህል ያቃጥለኝ ጀመር። እናቴ በዐቢይ ጾም አሳበበች፤ በጾም የምንበላው ሽምብራ ቢ 6 እንዳለው፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ በቀላሉ የማይገኘው ቢ 12 መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳይታወቀኝ በባዶ እግሬ ግቢውን አቋረጥሁ። ያኔ ደነገጥሁ። ነርሷ «እስካሁን የት ነበሩ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ነገር ግን ቁጣው ለመስኮቱም ይገባ ነበር።

ቢ 6 ባይገኝም አይ ኤን ኤች መጀመር አለበት የሚለውን መመሪያ አልቃወምም፤ ሳንባ ነቀርሳ ይገድላል። የምቃወመው ከሌላ መድኃኒት ቤት ይግዙ ሳይሉ በሽተኛን መሸኘትን ነው። እኔ ስገዛው ዋጋው ከታክሲ ወጪዬ አልበለጠም። እንዲያውም በቁጭት ከታዘዘልኝ እጥፍ እውጥ ነበር፤ ቢ 6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ እንደሚጎዳ ነርሷ ነግራኝ አቆምሁ። ከዘመድ የተላከልኝን ብረትና ካልሲየም ያለበት እንክብልም በባዶ ሆድ ከቲ ኤል ዲ ጋር እንዳልውጠው ያስጠነቀቀችኝ እርሷ ናት፤ እንክብሉ በቲ ኤል ዲ ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር የተባለ መድኃኒት በበቂ መጠን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና።

አይ ኤን ኤቹን አላቋረጥሁም፤ 6ቱን ወር ጨረስሁ። ቢ 6 ከጀመርሁ በኋላ ማቃጠሉ በሳምንታት ውስጥ ቀነሰ። የእግሮቼ አውራ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ ደንዝዘዋል።