«እን3» ያልኳት ከረጢት

ይሄን ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ያው ስለሚያሳፍር ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሰራለሁ፣ የማን እንደሆነ ይቅር፣ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ እነሱን ማንሳት አያስፈልግም። ስራዬ የዘር ስቶር ነው። ዘር ሲመጣ መዝኜ እረከባለሁ፣ በጨርቅ ከረጢት አደርጋለሁ፣ ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ፣ ሲፈለግ አውጥቼ እሰጣለሁ፣ በቃ ይኸው ነው። ከተመረቅኩ ገና ሰባተኛ ወሬ ነበር፣ ግቢው ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር፣ አልዋሽም።

ጣቢያው ሚያፈላው በብዛት ባህር ዛፍና ዲከረንስ የሚሉት የግራር ዓይነት ነው፣ ጽድና ኮሶም አለ። በዛ ዓመት ግን ኃላፊያችን ተማሪዎች መጥተው የሚያዩት የአገር በቀል አበባና የመድኃኒት ተክል መደብ ይኑረን አሉ። እሺ ተባለ። ጥር ላይ ልጆቹ ተከፋፍለው ዘር ለቀማ ወጡ፣ ገሚሱ ወደ አንኮበር፣ ገሚሱ ወፍ ዋሻ ጫካ ዳር፣ ገሚሱ እዚሁ በሬሳ ወንዝ አካባቢ። እኔ አልወጣሁም፣ ስቶር ማን ይጠብቃል ብዬ። እውነቱን ለመናገር ብርዱን ፈርቼ ነው፣ የደብረ ብርሃንን የጥር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዘሩ መግባት ሲጀምር ነው ጉዱ የመጣው። ያገራችን አበባ ግማሹ ስሙ በ«አ» ቤት ነው የሚጀምረው፣ አስባችሁት ታውቃላችሁ? አስታ፣ አምጃ፣ አንፋር፣ አጋም፣ አጣጥ፣ ራሷ አደይ አበባም አለች። በ«እ» ደግሞ እንዶድ፣ እንቆቆ፣ እንስላል፣ እንሶስላ፣ እንኮይ፣ እምቧይ፣ እሬት፣ ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ግንዱን ልጠን የምናኝከው ያ ኮምጣጣው እምቧጮም አለ። እሬትን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ በሳይንሱ አሎ ደብራና የሚባል እሬት አለ፣ ስሙ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው። አንኮበር ገደል ላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚያብበው ደግሞ አሎ አንኮበርንሲስ ይባላል። ሁለቱም የኛ ሰፈር ልጆች ናቸው ማለት ነው፣ እኛ ግን ሁሉንም እሬት ብለን እናልፈዋለን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከረጢቱ ትንሽ፣ ማርከሩ ወፍራም፣ እኔ ደግሞ ሰነፍ። ሙሉ ስም መጻፍ ሰለቸኝና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ጽፌ ከጎኑ ቁጥር መስጠት ጀመርኩ። በ«እን» የሚጀምሩ ሦስት ነበሩ፣ ኤክሴሉ በፊደል ተራ ሲደረደር እንስላል አንደኛ፣ እንቆቆ ሁለተኛ፣ እንዶድ ሦስተኛ ላይ ወጡ። ስለዚህ እን1፣ እን2፣ እን3 አልኩ። ቁጥሩን እኔ አልጻፍኩትም፣ በተራቸው እየቆጠረ ራሱ የሚሞላ ፎርሙላ ሰርቼለት ነበር። በሱ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ የስራ ባልደረባዬ እንሶስላ ይዞ መጣ፣ እኔ ምሳ ወጥቼ ነበርና ራሱ ላፕቶፑን ከፍቶ መዘገበው፣ ከዛ በፊደል ተራ ደረደረው። እንሶስላ በፊደል ተራ የት ይገባል? እንስላልና እንቆቆ መሃል። ፎርሙላው ስራውን ሰራ፣ እንሶስላ እን2 ሆነ፣ እንቆቆ ወደ እን3 ወረደ፣ እንዶድ እን4። ከረጢቶቹ ላይ ያለው ማርከር ግን ፎርሙላ አይደለም፣ የተጻፈው እንደተጻፈ ነው። ባልደረባዬም ያመጣትን ከረጢት ኤክሴሉ እንዳለው «እን2» ብሎ ጻፈባትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት። ስቶሩ ውስጥ ሁለት እን2 አለ ማለት ነው። እኔ እኮ ሁለቱን አይቻቸዋለሁ! አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ አየኋቸው፣ አንዱ ዘር በዝቶ ለሁለት ተከፍሎ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ፋሲካ አለፈ። የጥበቃ ሰራተኛችን ጋሼ (ስማቸውን አልጠራም) አንድ ጠዋት ቢሮ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምነው ጋሼ ስላቸው ዞር ዞር ብለው አይተው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የበዓሉ ጥሬ ስጋ ሳይሆን አይቀርም፣ የኮሶ ትል አለብኝ መሰለኝ። እንቆቆ መጥቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ አንድ ጭብጥ አታጣልኝም?»

ጤና ጣቢያ ይሂዱ ማለት ነበረብኝ። የዘር ስቶር ፋርማሲ አይደለም፣ ለኮሶ ትል ደግሞ ክኒን አለ። ግን ሽማግሌ ሰው አፍረው ለምነውኝ እንዴት እምቢ ልበል፣ ደግሞም እንቆቆ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው ምናምን ብዬ ለራሴ አሳመንኩ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ እንቆቆ የሚለውን ፈለግኩ፣ እን3 ይላል። ሄድኩ፣ እን3 የምትለዋን ከረጢት ፈታሁ፣ ጠቆር ጠቆር ያለ ደቃቅ ፍሬ ነው፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ጋሼ መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ብቻቸውን አልመጡም፣ ባለቤታቸው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። እትዬ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ይዘዋል፣ አፉ በፌስታል ተሸፍኗል። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ ኩባያውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ላፕቶፔ አጠገብ አስቀመጡና ፌስታሉን አነሱት።

«አማስለው» አሉኝ።

ግራ ገባኝ፣ በእስክሪብቶዬ አማሰልኩት። አረፋው ተነሳ። እንደ ኦሞ ነው የምላችሁ፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ ኩባያውን ሞልቶ በጎን ወረደና የመዝገቡን ሽፋን አራሰው።

«እህ? እንቆቆ እንዲህ ይላል? ማታ ስወቅጠው አስነጠሰኝ፣ አስነጠሰኝ፣ አላስቆም አለኝ፣ ኧረ ይሄ ነገር አልኩ። ውሃ ሳደርግበት ይኸው። እንዶድ እኮ ነው! ባሌን ልታጥብልኝ ነው ልትቀብርልኝ?»

ምን ልበል። ጋሼ ከኋላ ሆነው «ልጅ ነው፣ ተይው» ይላሉ፣ እትዬ ይበልጥ ተናደዱ። «ልጅ ነው? ልጅ ከሆነ መድኃኒት ምን አስነካው!» ልክ ናቸው። ሌሊቱን ዘፍዝፈውት በባዶ ሆዳቸው ሊጠጡት ነበር እኮ። ሴትየዋ በልጅነታቸው ወንዝ ወርደው በእንዶድ ነጠላ ያላጠቡ ቢሆኑ ኖሮ፣ ወይ ጋሼ ራሳቸው በጨለማ ወቅጠው ቢጠጡት ኖሮ... እስከ ዛሬ ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል።

የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ እኔ እንዶድን «አውቀዋለሁ»። ኮሌጅ ፈተና ላይ መጥቶልኛል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንዳዩ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የማጥፋት ምርምራቸው ከዛ እንደተነሳ፣ በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እንዳገኙ፣ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን እንደሚባል፣ ወንዱና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ተክል እንደሆነ፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ እንደሆነች ሁሉንም ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ፍሬውን ግን መዳፌ ላይ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ኃላፊያችን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ኩባያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «የስቶሩን ቁልፍ» አሉ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቁልፉን ተቀብለው ሰፌድ አስመጡ፣ እትዬን ቁጭ ይበሉ አሏቸው፣ ቡና ይፈላ ተባለ፣ ከዛ እያንዳንዱ ከረጢት ሰፌድ ላይ እየተገለበጠ እትዬ ያያሉ፣ ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ስሙን ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል አይቆጥሩም። እንዶዱንና እንቆቆውን ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩኝ መቼም አይረሳኝም። የእንዶዱ ፍሬ ቢደርቅም እንደ ትንሽዬ ዱባ አምስት ቦታ ጎድጎድ ያለ ነው፣ እንቆቆው ግን ድቡልቡል፣ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል፣ አንድ ፍሬ ብቻ በውስጡ ያለው። አንዴ ካሳዩህ በኋላ እንዴት እንደተሳሳትክ ራሱ አይገባህም። እንስላልማ ከረጢቱ ሳይፈታ በጠረኑ ይታወቃል።

ሁለቱ እን2ዎች ሲገለበጡ ሌላ ጉድ ወጣ። የካቲት ላይ አንዱ መደብ ላይ እንሶስላ ተብሎ ተዘርቶ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ስናጠጣው ምንም ብቅ አላለም ነበር፣ ዘሩ አርጅቷል ብለን ዘግተነዋል። የተዘራው ለካ ከአሮጌዋ እን2፣ ማለትም እንቆቆ ነው። እትዬ ሳቁ፣ በዛን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «እንሶስላ እኮ ፍሬው ሲነኩት ጠሽ ብሎ የሚፈነዳ ነው፣ ዘሩም ደቃቅ ነው፣ ይሄን የሚያህል ፍሬ አይታችሁ እንዴት አልጠየቃችሁም? ደግሞ እኛ እንሶስላን ስሩን ነው ቆፍረን እጃችንን የምንሞቀው፣ ስሩን ብትተክሉት ይሻላችኋል።» በኋላ ስሩን ተክለነው ያዘልን፣ ክረምት ላይ ያ ነጭ አበባው ከነወይን ጠጅ ነጠብጣቡ ሲወጣ እትዬን ጠርተን አሳየናቸው።

አስታና አምጃ ላይ ግን እትዬም ተቸገሩ። ሁለቱም ዘራቸው ዱቄት ነው፣ ቢተነፍሱበት የሚበን። ከረጢቶቹ ላይ ደግሞ «አስ» እና «አም» ያልኩት በማርከር ስለነበረ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ለቅቆ የቀረችው «አ» ብቻ ናት። ቢያንስ እዛ ላይ ብዙ አልተከራከርንም፣ ሁለቱንም ዘርተን በቅለው እስኪለዩ ጠበቅናቸው።

ማታ ላይ ኃላፊያችን ለብቻዬ አስቀመጡኝና አንድ ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል የ«ኢ»ዋን ፊደል ጽፈው ነጥብ አደረጉና አቢሲኒካ ብለው ጨመሩበት። ይሄ ምንድነው አሉኝ። ቁልቋል አልኩ፣ ዩፎርቢያ አቢሲኒካ። «እኔ ኮርች ማለቴ ነበር፣ ኤሪትሪና አቢሲኒካ» አሉ። ሁለቱም በላቲኑ በዛችው ፊደል ነው የሚጀምሩት። ፈረንጆቹ ያሳጥራሉ፣ ግን መጀመሪያ ሙሉውን አንዴ ሳይጽፉ አያሳጥሩም አሉኝ። ከደሞዜ አልቆረጡም፣ ማስጠንቀቂያ ግን ተጻፈብኝ፣ ይገባኛል።

ከዛ በኋላ ከረጢት ላይ ሙሉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀን፣ የለቀመው ሰው፣ በእርሳስ። ማርከር ፀሐይ ይበላዋል፣ እርሳስ አይበላውም፣ ይሄን ማንም አላስተማረኝም ነበር። አንድ ካርድ ደግሞ ከውስጥ ከዘሩ ጋር ይገባል። ቁጥሩንም አንዴ ከተሰጠ እስከ መጨረሻው እንዳይቀየር አደረግኩት፣ ያቺን የኮራሁባትን ፎርሙላ በእጄ ደመሰስኳት። ያም ሆኖ እዚህ ቤት ነገር አያልቅም፣ አምና አዲስ የተቀጠረች ልጅ በዐይኑ «ዕ» «ዕንቆቆ» ብላ መዝግባ ኤክሴሉ ከ«ወ» ቀጥሎ፣ ከ«ዘ» በፊት ወስዶ ደብቆት ግማሽ ቀን ጠፋን አልነው። እምቧይን «እንቧይ» ብሎ የሚጽፍም አለ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የቱ ልክ ነው ብዬ ክርክር ውስጥ አልገባም፣ አንዱን መርጠን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል።

ጋሼ በዛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ክኒን ወስደው ድነዋል። የቀረውን እንዶድ እትዬ በፌስታል ይዘው ሄዱ፣ ለነጠላ ከኦሞ ይሻላል ብለው። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁኝም። ሻይ ገዝቼ ስሰጣቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው በማንኪያ ሁለት ሶስቴ ያማስሉና፣ «አረፋ የለውም አይደል?» ብለው ነው የሚጠጡት።