የወረደው ጽሑፍና የቀረው መልስ

አንድ ጋዜጣ ያወጣውን አስተያየት ሰው ሲቆጣበት ከድረ ገጹ ድምፁን አጥፍቶ ማውረዱ ከተጠያቂነት መሸሽ ነው እላለሁ።

ደብረ ሲና ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ለክርክር ክፍለ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ የገጠር መሬት ሽያጭ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ቢልም ክርክሩ አላባራም። አንድ የታወቀ ድረ ገጽ ላይ የወጣ አስተያየት፣ ገበሬው መሬቱን ቢሸጥ ገንዘቡን በአንድ የገበያ ቀን ጠጥቶ ይጨርሰዋል ይል ነበር። ከጣርማ በር በላይ ገብስና ባቄላ ከሚያርስ ቤት የመጣች ተማሪዬ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ እስክሪብቶ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ከሥሩ የአባቷን ወጪ ዘረዘረች፦ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ የእሷ የቤት ኪራይ። የክርክሩ ዕለት ተቃራኒው ቡድን «እንዲህ ያለው ማን ነው? አሳዪን» አላት። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ገጹ የለም፤ ለምን እንደወረደ የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ የለም። የሌላ ጸሐፊ መልስ ግን ለማን እንደሚመልስ ሳይታወቅ እዚያው ቆሟል። የተሰደበችው ልጅ ውሸታም መሰለች! አባቷን የሰደበው ጽሑፍ እንዲመለስ ለአዘጋጁ ደብዳቤ የጻፈችውም እሷው ናት።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምንል ሰዎች ነን። ከአንድ ሰው አፍ ለወጣ ቃል ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ አዘጋጅ አንብቦ ላሳለፈው ጽሑፍ እንዴት አንጨነቅም?

የእንግሊዙ ኦብዘርቨር እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ቁጣ የቀሰቀሰ አስተያየት ይቅርታ ጠይቆ አወረደ፤ ሌላ ጋዜጣ ወዲያው በድረ ገጹ መልሶ አወጣው። ኒው ዮርክ ታይምስ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ሴናተር ቶም ኮተን በአመፅ ላይ ጦር ይዝመት ብለው የጻፉትን አላወረደም። የአስተያየት ገጹ ኃላፊ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከጽሑፉ አናት ላይ ግን ጉድለቱን የሚዘረዝር የአዘጋጆች ማስታወሻ ተለጠፈበት። ሴናተሩን የሚቃወምም የሚደግፍም ዛሬ ሁለቱንም አንብቦ ይፈርዳል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

የእኛም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለተነካ ሰው የመልስ መብት ይሰጣል። መነሻው ከጠፋ ግን አንባቢ መልሱን ከምን ጋር ያስተያየዋል?

የሰው መኖሪያ አድራሻ የሚያጋልጥ ወይም ግደሉት የሚል ጽሑፍ በዚያው ሰዓት ይውረድ፤ በዚህ አልደራደርም። ያን ጊዜም ቢሆን ርእሱ፣ የወጣበትና የወረደበት ቀን፣ ምክንያቱና የወሰነው አዘጋጅ ስም በቦታው ይቅሩ።