ሾተላይና የሕፃኑ አንጎል የደም ፍጥነት

ሾተላይ የሚለውን ቃል በልጅነቴ የሰማሁት፣ ልጅ የማይበረክትላት የጎረቤታችን ስም ሲነሣ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር። ሾተላይ የእናት ደም ከጽንሱ ደም ጋር ባለመስማማቱ ጽንሱን የሚጎዳ ችግር ነው፤ ቃሉ ወደ እኔ ቤት የገባው በሁለተኛው እርግዝናዬ ነው። ደሜ ኦ ኔጋቲቭ ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላ ይህን አለመስማማት የሚከላከለው የአንቲ ዲ መርፌ ሳይሰጠኝ በመቅረቱ፣ ሰውነቴ የጽንሱን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ አንቲቦዲ (ባዕድ ነገርን የሚዋጋ የደም ፕሮቲን) ማምረት ጀምሯል፤ አንቲቦዲው ደግሞ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል።

ቀድሞ የጽንስ ደም ማነስ የሚገመተው በመርፌ እየደጋገሙ የሽርት ውኃ በመቅዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ጂያንካርሎ ማሪ የተባለ ሐኪም እና ባልደረቦቹ፣ በጽንሱ አንጎል መካከለኛ የደም ቧንቧ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ የደም ፍጥነት የደምን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚለካው ዶፕለር አልትራሳውንድ በመለካት ብቻ መካከለኛና ከባድ የደም ማነስን መለየት እንደሚቻል አሳዩ። ቀይ ሴል ሲያንስ ደሙ ይቀጥናል፣ ልብም ጉድለቱን ለማካካስ አብዝቶ ይረጫል፤ ስለዚህ ደሙ ይፈጥናል። በ28ኛው ሳምንት የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ወደ 55 ሲጠጋ በእትብቱ በኩል ደም መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል።

ልኬቱ ግን ከማሽኑ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪሟ ጄሉን ቀብታ የጽንሱን ጭንቅላት ካገኘች በኋላ፣ «ትንሽ እንጠብቀው እህቴ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው» ብላ እጇን አሳረፈች። ጽንሱ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ይዛባል፤ መሣሪያው ሆድ ላይ ከበረታም ጭንቅላቱን ተጭኖ የደሙን ፍሰት ይለውጣል። ጸጥ ሲል የደሙን ፍሰት በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ቀለም ከፈተችና፣ በራስ ቅሉ ሥር ቀይና ሰማያዊ ክር የመሰሉ ቧንቧዎች ታዩ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ መሣሪያው ቀጥ ብሎ እስኪመጣ ድረስ እጇን በጥቂቱ አዘነበለች፤ ሞገዱ ከደሙ አቅጣጫ ጋር ማዕዘን በፈጠረ ቁጥር ፍጥነቱ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይነበባልና። እኔ ያየሁት የመጋዝ ጥርስ የሚመስል መስመር ብቻ ነበር፤ እሷ ግን የጥርሶቹን ጫፍ እየለካች ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ከ35ኛው ሳምንት በኋላ ልኬቱ በሐሰት የሚያስደነግጥበት ጊዜ እንደሚበዛ አስቀድማ ነግራኛለች። የዚያን ዕለት ቁጥር በካርዴ ላይ 41 ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮዬ አለ።